ካሹን ባጸዳም የኤስኪውኤል ሰርቨር ራም አይወርድም፤ የሚሠራው ኮማንድ የትኛው ነው?

ገላን መጋዘን

ጤና ይስጥልኝ የዚህ ቤት ሰዎች። ነገሬ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

የምሠራው ገላን ነው፤ ከቱሉ ዲምቱ ወረድ ብሎ፣ አንድ የግንባታ ዕቃ ጅምላ ማከፋፈያ ውስጥ። ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ቀለም። የተቀጠርኩት በሒሳብ ሠራተኛነት ነበር። አንድ ቀን የተበላሸ ፕሪንተር አስተካከልኩ፤ ከዚያ ወዲህ አይቲውም እኔ ነኝ። ደመወዙ ግን ያው የአንድ ሰው ነው።

ሰርቨራችን አንድ ነው። 32 ጊጋ ራም አለው፤ ዲስኩ ኤስኤስዲ ሳይሆን የድሮው የሚሽከረከረው ነው። ዳታቤዝ የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር 2019 ስታንዳርድ፣ ተጭኖበታል። የሽያጭና የስቶር ሶፍትዌሩ የሚሠራው እሱ ላይ ነው። ፒችትሪም እዚያው ነው፤ ሁለት የሒሳብ ልጆች በሪሞት ዴስክቶፕ እየገቡ ይሠሩበታል። ዳታቤዙ ከ40 ጊጋ ያልፋል፤ አብዛኛው ስካን ተደርጎ የገባ የዕቃ ማውጫ ሰነድ ነው። (ሰነዱን ዳታቤዝ ውስጥ ክተቱት ያለው ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ሳልመጣ የተደረገ ነው።)

ታስክ ማናጀር ስከፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ብቻውን 28፣ 29 ጊጋ ይዞ ቁጭ ብሏል። ሰርቨሩ እንደተነሣ ትንሽ ነው የሚይዘው፤ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ከወጣ በኋላ አይወርድም። ከሰዓት በኋላ የሒሳብ ልጆች «ማውዙ ራሱ እየተጎተተ ነው» ይሉኛል። ደረሰኝ ቆራጯም ትጠራኛለች። የወር ሽያጭ ሪፖርቱንማ ተዉት፤ አለቃዬ ይከፍተዋል፣ ወጥቶ ቡና ጠጥቶ ይመለሳል፣ ገና ሲሽከረከር ያገኘዋል። ውጭ ደግሞ አይሱዙና ሲኖትራክ ተሰልፈው ክላክስ ያስጮኻሉ።

ሶፍትዌሩን የሸጡልን ልጆች «ሚሞሪው ስለሞላ ነው፣ ካሹን (ቶሎ እንዲገኝ ራም ውስጥ የተቀመጠውን) አጽዳው» ብለው ሁለት ኮማንድ በቴሌግራም ላኩልኝ፤ ዲቢሲሲ ድሮፕ ክሊን በፈርስ እና ዲቢሲሲ ፍሪ ፕሮክ ካሽ። በየሁለት ሰዓቱ እንዲሠሩ ጆብ አድርጌያቸዋለሁ። ጆቡ ሠርቻለሁ ይላል። ራሙ ግን ንቅንቅ አላለም። ሪፖርቱ ጭራሽ ከጽዳት በኋላ ነው የሚብሰው። ነገሩን ያወሳሰበብኝ ደግሞ፣ የደንበኛ ሒሳብ መግለጫ የሚባለው ገጽ አንዳንዴ ልክ ካሹ እንደጸዳ ብን ብሎ ይከፈታል። አንዳንዴ እንጂ ሁልጊዜ አይደለም።

እና፣ ሚሞሪውን የምር ባዶ የሚያደርግ ኮማንድ አለ? ዳታ የማጥፋት አደጋስ የለውም?

ነቅሎ መሰካት

ወንድሜ አትድከም። ሰርቪሱን ሪስታርት አድርገው፤ ራሙ በሰከንድ ይወርዳል። እኛ መሥሪያ ቤት ሁሌ ማታ በራሱ ሪስታርት ያደርጋል፤ ማንም አይነካውም።

ገላን መጋዘን

ሪስታርቱንማ መብራት ያደርግልናል። ዩፒኤሱ ጄኔሬተር እስኪነሣ አይዘልቅም። መብራት በሄደ ማግስት ራሙ 3 ጊጋ ላይ ነው፤ ያን ለት ጠዋት ግን ከሌላው ቀን ሁሉ ይብሳል። የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ሳይጫኑ 3 ሰዓት ይሆናል።

የኮዬዋ

ጠዋቱ የሚብስባችሁ ራሙ ባዶ ስለሆነ ነው። ከዚያ ልነሣ።

ኤስኪውኤል ሰርቨር ከዲስክ የሚያነበው በ8 ኪሎባይት ፔጅ እየከፋፈለ ነው። አንዴ ያነበበውን በፈር ፑል በሚባለው የራም ክፍል ውስጥ ያስቀምጠዋል። ቀጥሎ ያንኑ ፔጅ የሚፈልግ ሲመጣ ዲስኩ አይነካም። ስለዚህ 29 ጊጋ ይዞ ማየትህ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። ዊንዶውስ «ጠበበኝ» ካላለው በቀር የያዘውን በፈቃዱ አይለቅም፤ ሲሠራም እንዲያ ተደርጎ ነው የተሠራው። አንድ ሰው የቆየ ሰነድ በከፈተ ቁጥር እሱም ይገባል። 40 ጊጋ ዳታ ይዘህ 32 ጊጋ ራም ላይ ባይሞላ ነበር የሚገርመኝ።

ካሹ ሲጸዳ ታስክ ማናጀር ለምን ዝም ይላል ላልከው፤ ድሮፕ ክሊን በፈርስ ፔጆቹን ያስወጣል። ራሙን ለዊንዶውስ ማስረከብ ግን ሥራው አይደለም። ከመጋዘናችሁ ሲሚንቶውን በሙሉ ብታወጡት መጋዘኑ አይጠብም፤ ኪራዩም አይቀንስም። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) ሁሉን ነገር ከዚያ ከሚሽከረከር ዲስክ እንደገና ማምጣት አለበት። በየሁለት ሰዓቱ ራስህ መብራት እያጠፋህባቸው ነው በለው።

ኮማንዱ የተሠራው ለሙከራ ነው። አንድ ሰው አንዱን ሪፖርት በሁለት መንገድ ጽፎ የቱ ይፈጥናል ብሎ ሊያወዳድር ይፈልጋል እንበል። መጀመሪያ የተሠራው ዳታውን ራም ውስጥ ስለሚተውለት ሁለተኛው ያለ ድካም ያሸንፋል። ሁለቱንም ከባዶ ለማስጀመር፣ ሰርቨሩን ሳያጠፋ፣ መጀመሪያ ቼክፖይንት ይላል፤ ቀጥሎ ድሮፕ ክሊን በፈርስ። ቼክፖይንቱ የሚቀድመው ተቀይረው ገና ዲስክ ላይ ያልተጻፉ ፔጆች ስለሚኖሩ ነው፤ እሱ ዲስክ ላይ ይጽፋቸዋል። ድሮፕ ክሊን በፈርስ ያልተጻፉትን አይጥላቸውም። ዳታ ይጠፋል ብለህ አትስጋ። የሥራ ሰርቨር ላይ ግን፣ ያውም በጆብ፣ ምንም ቦታ የለውም። ዛሬውኑ አጥፋው።

ሁለተኛው ኮማንድ ሌላ ነው። ፍሪ ፕሮክ ካሽ ዳታ አይነካም፤ የሚጥለው የኩዌሪ ፕላኖችን ነው፤ ሰርቨሩ አንድን ኩዌሪ በምን መንገድ እንደሚሠራ አውጥቶ ያስቀመጣቸውን ዕቅዶች። የደንበኛ መግለጫው አንዳንዴ ብን የሚልበት ምሥጢር እዚህ ነው ያለው። ገጹ የሚጠራው አንድ ፕሮሲጀር (ዳታቤዙ ውስጥ ተጽፎ የተቀመጠ ኮድ) ነው ብዬ ልገምት። ፕላን በሌለበት ሰዓት መጀመሪያ የተከፈተው ደንበኛ ነው ለሁሉም የሚወስነው። ጠዋት ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ የገዛ ግለሰብ ከተከፈተ፣ ሰርቨሩ ለጥቂት ረድፍ የሚሆን ፕላን ያወጣል፤ ረድፉን አንድ በአንድ እየዞረ የሚለቅም። ከሰዓት ትልቁ ኮንትራክተራችሁ ሲከፈት በዚያው ፕላን በሺህ የሚቆጠር ረድፍ አንድ በአንድ ይለቅማል። ትቆማላችሁ። ጆብህ ሲያጸዳና እንዳጋጣሚ ኮንትራክተሩ ከቀደመ፣ ለእሱ የሚሆን ፕላን ይወጣል፤ አንተም «ካሹን ማጽዳት ፈወሰኝ» ትላለህ። ግለሰቡ ከቀደመ ደግሞ አይፈውስህም። ፓራሜተር ስኒፊንግ ይሉታል።

ለአንድ ፕሮሲጀር ብለህ የሰርቨሩን ፕላን ሁሉ አትጣል። ኤስፒ ሪኮምፓይል በልና የፕሮሲጀሩን ስም ስጠው፤ ቀጥሎ ሲጠራ የእሱን ብቻ እንደ አዲስ ያወጣል። ከተደጋገመ ሻጮቹ ኩዌሪው መጨረሻ ላይ ኦፕሽን ሪኮምፓይል ይጨምሩበት። በየጥሪው ትንሽ ሲፒዩ ይበላል፤ ለእናንተ ዓይነት ቤት ግን አይሰማም።

የማውዙ መጎተት የእውነት የሚሞሪ ችግር ነው። ማክስ ሰርቨር ሚሞሪን (ኤስኪውኤል ሰርቨር የሚይዘውን ራም የሚገድበውን ሴቲንግ) ማንም እንዳልነካው እወራረዳለሁ። ሳይነካ የሚገኘው ቁጥር 2147483647 ሜጋባይት ነው፤ ገደብ የለህም፣ ያገኘኸውን ውሰድ ማለት ነው። ፒችትሪና የሪሞት ዴስክቶፕ ልጆች በተረፈችው 2፣ 3 ጊጋ ይጋፋሉ። ዊንዶውስ ሲጨንቀው የእነሱን ወደ ዲስክ ያሸሻል፤ ዲስኩም ያው ነው። ማኔጅመንት ስቱዲዮ ውስጥ የሰርቨሩን ስም በቀኝ ክሊክ አድርግ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሚሞሪ፣ ማክሲመም የሚለው ላይ 22528 ጻፍ። 22 ጊጋ ነው። ሰርቨሩን ዳታቤዙ ብቻውን ቢይዘው 26 እልህ ነበር፤ ከፒችትሪ ጋር ግን 22 ይበቃዋል። ሪስታርት አይፈልግም፤ ነገር ግን ፕላን ካሹን አብሮ ስለሚጥል መኪና ተሰልፎ ሳለ አትንካው።

የሪፖርቱን ኩዌሪ ማየት ከቻልክ እዚህ ጻፈው። እሱ በሚሞሪ ብቻ የሚመጣ አይመስለኝም።

ሰበታ ማዶ

ለሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ልጨምር። ነጻውን የኤስኪውኤል ሰርቨር ዕትም፣ ኤክስፕረስን፣ የምትጠቀሙ ከሆነ የማክስ ሚሞሪው ነገር ብዙ አያስጨንቃችሁ። የ2019 ኤክስፕረስ በፈር ፑል ከ1410 ሜጋባይት አያልፍም፤ ሰርቨሩ ላይ 64 ጊጋ ብትሰኩም ያው ነው። እኛ ራም ጨምረን ለውጥ ስናጣ ሻጩን ልንከስ ደርሰን ነበር።

ገላን መጋዘን

እህቴ እግዜር ይስጥልኝ። ጆቡን አጥፍቻለሁ። ቁጥሩም ያልሽው ራሱ ነበር፤ 2147483647። ትላንት ማታ ጥበቃውን ሻይ ጋብዤ አመሸሁና ወደ 22528 ቀየርኩት። ዛሬ ከሰዓት የሒሳብ ልጆች አልጠሩኝም።

ሪፖርቱ ግን ያው ነው። ፕሮሲጀሩ ስላልተቆለፈ ከፍቼ አየሁት። ዋናው መስመር እንዲህ ይላል፦

ዌር ቱ_ኢትዮ(የሽያጭ_ቀን) ላይክ '%/11/2017'

የሐምሌ 2017 ሪፖርት ነው። የሽያጭ ቀኑ ቴብሉ ላይ በፈረንጅ ነው የተቀመጠው፤ ቱ_ኢትዮ የሚባለው ፈንክሽን ወደ እኛ ቀን ይለውጠዋል። ሴት ስታቲስቲክስ አይኦ ኦን የሚባል ነገር አንብቤ ሞከርኩት። የሽያጭ ዝርዝር ቴብሉ ላይ ሎጂካል ሪድ 1.2 ሚሊዮን ገደማ ይላል። ፊዚካል ሪድ ለሁለተኛ ጊዜ ሳሠራው ዜሮ ነው። ይኼ ብዙ ነው እንዴ?

የኮዬዋ

ብዙ ነው። አንድ ሎጂካል ሪድ አንድ ፔጅ ነው፤ 1.2 ሚሊዮንን በ8 ኪሎባይት ስታባዛው ከ9 ጊጋ ያልፋል። የአንድ ወር ሽያጭ ለማየት ድርጅቱ ከተከፈተ ጀምሮ የተሸጠውን እያንዳንዱን ሚስማር ያገላብጣል ማለት ነው። ሁለተኛው ላይ ፊዚካሉ ዜሮ የሆነው ዳታው ራም ውስጥ ስላለ ነው። እንደዚያም ሆኖ ከዘገየ የሚፈጀው ሲፒዩ ነው። ካሹን ስታጸዳ ደግሞ ያንን 9 ጊጋ በሙሉ ከዲስክ ትጨምርበታለህ፤ ከጽዳት በኋላ የሚብሰው ለዚህ ነው።

ይኼን ዓይነት ኩዌሪ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ባሉ ሶፍትዌሮች ውስጥ ስንቴ እንዳየሁት! የፈረንጅ ቀን ያለበት ኮለም፣ በላዩ ላይ ወደ ኢትዮጵያ የሚለውጥ ፈንክሽን። አምስት መቶ ረድፍ ላይ ሲሞክሩት ይፈጥናል፤ ያስረክቡና ይሄዳሉ። ረድፉ ሚሊዮን ሲገባ ደንበኛው ራም ግዛ ይባላል።

ሁለት ነገር ነው የሚያበላሸው። ኮለሙን ፈንክሽን ውስጥ ስትከተው በቀኑ ላይ ኢንዴክስ (እንደ መጽሐፍ ማውጫ ያለ) ቢኖር እንኳ ሰርቨሩ እሱን ተጠቅሞ ሐምሌ ወዳለበት መዝለል አይችልም። ለውጦ ካላየው ሐምሌ ይሁን ጥቅምት በምን ያውቃል? ሁሉን ይለውጣል፣ ከዚያ ያወዳድራል። ሌላው፣ እንዲህ ያለ ፈንክሽን ለእያንዳንዱ ረድፍ ለየብቻ ይጠራል፤ ሥራውንም ለብዙ ኮር እንዳያከፋፍል ያግደዋል። 2019 ላይ ፈንክሽኑን ኩዌሪው ውስጥ ቀልጦ እንዲገባ የሚያደርግ ነገር መጥቷል፤ ግን ዳታቤዙ ኮምፓቲቢሊቲ ሌቭሉ (በየትኛው ቨርዥን ደንብ እንደሚሠራ የሚወስነው ቁጥር) 150 መሆን አለበት፣ ፈንክሽኑ ውስጥም ዋይል ሉፕ (እየዞረ የሚደጋገም ኮድ) ካለ አይሆንም። የቀን መለወጫ ደግሞ ሉፕ ይወዳል።

መፍትሔው ዳታውን ትቶ ጥያቄውን መለወጥ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2017 በፈረንጅ ጁላይ 8፣ 2025 ነው። ነሐሴ 1 ደግሞ ኦገስት 7። ሁለቱን ጫፍ አንዴ ለውጥና እንዲህ በል፦

ዌር የሽያጭ_ቀን >= '20250708' ኤንድ የሽያጭ_ቀን < '20250807'

መጨረሻው ላይ «ያነሰ» አድርገው፤ «ያነሰ ወይም እኩል» ብለህ ኦገስት 6 ብትል፣ ኮለሙ ሰዓት የሚይዝ ከሆነ ሐምሌ 30 ቀኑን ሙሉ የተሸጠው ከሪፖርቱ ይጎድልብሃል። ቀኑንም ሰረዝ ሳታደርግ ጻፈው። ዴትታይም ኮለም ላይ ሰረዝ ካለው በሎጊኑ የቋንቋ ሴቲንግ የተነሣ ወርና ቀን ሊቀያየርብህ ይችላል፤ ያንን ስሕተት ፈልጎ ማግኘት ያስረጃል።

የሽያጭ_ቀን ላይ ኢንዴክስ ከሌለ ይሠራ። ጫፎቹን በየወሩ በእጅ ከመለወጥ አንድ የቀን መቁጠሪያ ቴብል ይኑራችሁ፤ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ረድፍ፣ የፈረንጁ ቀን፣ የእኛ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። 20 ዓመት ብትሞላው 7,305 ረድፍ ገደማ ነው፤ ምንም አይከብድም። ሪፖርቱ ወርና ዓመት ይቀበላል፣ ከዚያ ቴብል መጀመሪያና መጨረሻውን ቀን ያነሣል፣ ሽያጩን በእነሱ ይፈልጋል። የበጀት ዓመት ሪፖርታችሁ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ከሆነም በዚያው ይሠራል። ጳጉሜን ለብቻዋ ትውጣ ወይስ ከነሐሴ ጋር ትደመር የሚለውን አለቃህን ጠይቅ፤ እኔ ሐሳብ መስጠት ትቻለሁ፣ አንድ መሥሪያ ቤት በሱ ተጣልተውብኛል።

ፕሮሲጀሩን ከመንካትህ በፊት የድሮውን ኮፒ አስቀምጥ። ለሻጮቹም ንገራቸው፤ አለዚያ አፕዴት ሲልኩ ያንተን ይደፍኑታል።

ገላን መጋዘን

ሠራ። ሎጂካል ሪዱ ወደ 14 ሺህ ወረደ። ሪፖርቱ አለቃዬ ከወንበሩ ሳይነሣ ይወጣል። ኢንዴክሱ አልነበረም፤ እሁድ መጋዘኑ ዝግ ስለሆነ ያን ቀን ሠራሁት። ለሻጮቹ ኩዌሪውን ልኬላቸው «እናየዋለን» አሉ።

የደንበኛ መግለጫው ላይ ኤስፒ ሪኮምፓይል አደረግሁ፤ ለጊዜው ደህና ነው። እንደገና ከቆመ ኦፕሽን ሪኮምፓይሉን እጨምራለሁ።

አንድ የቀረኝ፤ አለቃዬ አሁንም ታስክ ማናጀር ከፍቶ «ይኸው 22 ጊጋ በልቷል፣ አጽዳው» ይለኛል። ምን ልበለው?

የኮዬዋ

የገዛኸው ራም ሥራ ላይ ነው በለው። ካላመነህ ሪፖርቱን አስከፍተው።

ለገጣፎ ፋርማሲ

ጥሩ ውይይት ነው፤ ስለ ማይኤስኪውኤልም (ሌላው የዳታቤዝ ሶፍትዌር) የሚያውቅ ካለ ልጠይቅ። ሪሴት ኩዌሪ ካሽ የሚል ኮማንድ ከድሮ ጽሑፍ ላይ አግኝቼ ብሞክረው ስሕተት ነው ይለኛል። ቨርዥኑ 8 ነው።

ጀሞ 2

ኩዌሪ ካሽ ከ8.0 ጀምሮ ከነጭራሹ ወጥቷል፤ ኮማንዱም አብሮት ሄዷል። አሁን ዳታውን የሚይዘው የኢኖዲቢ (ማይኤስኪውኤል ውስጥ ዳታ የሚያስቀምጠው ክፍል) በፈር ፑል ነው፤ እሱን የሚያጸዳ ኮማንድ የለም። ሪስታርት ብታደርገውም ሙሉ በሙሉ ባዶ አይሆንም፤ ሲዘጋ በቅርቡ ከተነኩት ፔጆች የተወሰኑትን ዝርዝር ጽፎ ይተኛል፣ ሲነሣ መልሶ ይጭናቸዋል። ለሙከራ ከባዶ መጀመር ካስፈለገህ ኢኖዲቢ በፈር ፑል ሎድ አት ስታርታፕ የሚለውን ኦፍ አድርገህ አስነሣው።

ያንተ ችግር ግን ምናልባት ተቃራኒው ነው። በፈር ፑሉ ሳይነካ ሲቀር 128 ሜጋባይት ብቻ ነው። ኢኖዲቢ በፈር ፑል ሳይዝ ስንት እንደሆነ እይና ጻፍልን፤ የሰርቨሩን ራምም አብረህ።